የሞተር ጥያቄዎች፦ የፋብሪካው ቁጥርና የፒያሳው ጌጅ

በዚህ እትም የደረሱን አብዛኞቹ ጥያቄዎች ከሰልጣኞችና ጋራዥ ውስጥ በረዳትነት ከሚሠሩ ወጣቶች ነው። ሁለቱ ከባለመኪና የመጡ ናቸው፤ መልሳቸው ለሙያተኛም ስለሚሆን አብረን አስገብተናቸዋል።

ጥያቄ፦ የአውቶሞቲቭ ሰልጣኝ ነኝ። ለተግባር ልምምድ ልደታ አካባቢ ያለ ጋራዥ ተመድቤያለሁ። የአንድ ኮሮላ ኮምፕሬሽን (ፒስተኑ አየሩን ሲያምቅ የሚፈጠረውን ግፊት) ስለካ አራቱም ሲሊንደሮች ከ9.5 እስከ 9.8 ባር አነበቡ። መጽሐፉ መደበኛው 13፣ የመጨረሻው ዝቅተኛ 10 ባር ነው ይላል። አለቃዬ «ሞተሩ ይውረድ፣ ፋሻ (የፒስተኑ ቀለበት) ይቀየር» ይላሉ። መኪናው ግን አይጨስም፣ ዘይትም አይበላም። ማናችን ነን የተሳሳትነው?

መልስ፦ ጌጁም ልክ ነው፣ መጽሐፉም ልክ ነው። የተሳሳተው ሁለቱን ቁጥሮች እንዳሉ ማነጻጸሩ ነው። የፋብሪካው ቁጥር የሚጻፈው በባሕር ጠለል ላይ ላለ አየር ነው። መሀል አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 እስከ 2,450 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ የአየሩ ግፊትም ከባሕር ጠለሉ ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። ፒስተኑ ሲወርድ የሚስበው አየር ከመነሻው ቀጭን ከሆነ ሲወጣ የሚያምቀውም በዚያው ልክ ያንሳል። ስለዚህ የመጽሐፉን ቁጥር በ0.75 አባዛው። 13 ባር እዚህ 9.8 ገደማ ይሆናል፣ ዝቅተኛው 10 ደግሞ 7.5። ያንተ ሞተር ለአዲስ አበባ አዲስ ነው ማለት ይቻላል። ፋሻ ለመቀየር ቢወርድ ኖሮ ባለቤቱ ከፍተኛ ወጪ ያወጣል፤ ጌጁም ከሥራው በኋላ ያንኑ 9.8 ያነባል።

ቁጥሩ እምነት የሚጣልበት እንዲሆን ግን አለካኩ መስተካከል አለበት። ሞተሩ የሥራ ሙቀቱ ላይ ይድረስ። አራቱንም ካንዴላ አውጣ፤ የምትለካውን ብቻ አውጥተህ ሌሎቹን ብትተው ሞተሪኖው (ሞተሩን የሚያስነሳው) ይደክምና ንባቡ ይወርዳል። የኢንጀክሽኑን ፊውዝ ንቀል፣ የኮይሎቹን ሶኬት አላቅ፤ ያለበለዚያ ቤንዚን እየተረጨ የሲሊንደሩን ግድግዳ ዘይት ያጥበዋል። አንድ ሰው የነዳጅ መርገጫውን እስከ ወለሉ ረግጦ ይያዝ። ይህ የሚረሳ ነገር ነው፤ ትሮትሉ (የአየር መግቢያው በር) ተዘግቶ ከተለካ አየር ስለማይገባ ጤነኛ ሞተር እንኳ «የሞተ» ይመስላል። ባትሪው ሙሉ ይሁን። ከዚያ ጌጁ አምስት ወይም ስድስት ጊዜ እስኪመታ አስነሳና መዝግብ። የመጀመሪያው ምት ብቻውን ብዙ ይናገራል፦ በጤነኛ ሲሊንደር ጌጁ በመጀመሪያው ምት ከግማሽ በላይ ይዘላል፤ ፋሻ ያለቀበት ግን በትንሽ በትንሹ ነው የሚወጣው።

ከፍታ የማይለውጠው አንድ ነገር አለ፤ እሱም በሲሊንደሮች መካከል ያለው ልዩነት ነው። ከ1 ባር በላይ ከተራራቁ ዝቅ ባለው ሲሊንደር ውስጥ አንድ የሻይ ማንኪያ የሞተር ዘይት በካንዴላው ቀዳዳ ጨምርና እንደገና ለካ። ከፍ ካለ ችግሩ ከፋሻ ወይም ከሲሊንደሩ ግድግዳ ነው። ንቅንቅ ካላለ ቫልቭ ነው። ጎን ለጎን ያሉ ሁለት ሲሊንደሮች እኩል ወርደው ከተገኙ ደግሞ በመካከላቸው የቴስታታው (የሲሊንደሮቹ ክዳን) ጋስኬት መቃጠሉን ጠርጥር። የዘይቱን ሙከራ በናፍጣ ሞተር ላይ እንዳትሞክረው፤ የማመቂያው ቦታ ጠባብ ስለሆነ ዘይቱ ራሱ ንባቡን ያሳብጠዋል፣ ሞተሩንም ሊጎዳ ይችላል።

በቫኪዩም ጌጅ የምትሠሩም ይህንኑ አስታውሱ። መጽሐፍ በሚኒሞ (መርገጫው ሳይነካ ሞተሩ ሲዞር) ከ17 እስከ 22 ኢንች ሜርኩሪ ቢል እዚህ 8 ያህል ቀንሱለት።

ጥያቄ፦ የታክሲ ሹፌር ነኝ። ከፒያሳ ተነስቼ በሽሮ ሜዳ በኩል ወደ እንጦጦ ስወጣ መኪናዬ ውሃ ያፈላል፤ ወደ ለገሃር ስወርድ ምንም የለውም። ቴርሞስታቱን አውጥተው ጣሉልኝ፣ አልተሻለም። አሁን ቴስታታው ይውረድ እያሉኝ ነው። ይውረድ?

መልስ፦ አይውረድ፤ ቢያንስ ገና ነው። መጀመሪያ የራዲያተሩን ክዳን ይመልከቱ።

ምክንያቱ ይኸውና። ንጹሕ ውሃ መሀል አዲስ አበባ ላይ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። እንጦጦ ላይ፣ ከ3,000 ሜትር በላይ፣ ወደ 90 ይወርዳል። በብዙ ትናንሽ መኪኖች የራዲያተሩ ፋን የሚነሳው ደግሞ 93 ዲግሪ አካባቢ ወይም ከዚያ በላይ ሲደርስ ነው። እንግዲህ ያስቡት፤ ፋኑ ገና ሳይነሳ ውሃው ፈልቷል። ይህ እንዳይሆን የሚከላከለው በክዳኑ ውስጥ ያለው ስፕሪንግና ጎማ ነው። ክዳኑ ላይ 0.9 ወይም 1.1 የሚል ቁጥር ተጽፎ ያገኛሉ፤ ውስጡን በዚያ ባር አምቆ ይይዛል ማለት ነው። ባለ 0.9 ክዳን በደንብ ከያዘ ያው ውሃ እዚህ ከተማ ውስጥ እስከ 114 ዲግሪ ገደማ ሳይፈላ ይቆያል። ጎማው የደረቀ ወይም የተሰነጠቀ ክዳን ግን ይህን ሁሉ ያሳጣዎታል። በባሕር ዳርቻ ያለ ሹፌር በተበላሸ ክዳን ትንሽ ሊንቀሳቀስ ይችላል፤ እኛ ግን 8 ዲግሪውን ከመነሻው ተቀምተናል። በድሮው ቁጥር ያለ አዲስ ክዳን ይግዙ፤ ከፍ ያለ ቁጥር ያለው አይሻልም፤ ያረጀውን የራዲያተር ጎንና የማሞቂያ ቱቦ ያፈነዳል።

ቴርሞስታቱ መልሶ ይግባ። «ለእኛ አገር አያስፈልግም» የሚለው የጋራዥ ወግ ሁለት ጉዳት አለው። ሞተሩ ቶሎ ስለማይሞቅ ኮምፒውተሩ ቤንዚን አብዝቶ ይሰጣል፣ ሲሊንደሩም ይበላል። ሁለተኛው ይብሳል፦ በብዙ የቶዮታ ሞተሮች ቴርሞስታቱ ከታች ያለች ሁለተኛ ሳህን አለችው፤ ሲከፈት እሷ ውሃው በአቋራጭ ወደ ሞተሩ የሚመለስበትን ቀዳዳ ትዘጋለች። እሱን ሲያወጡት አቋራጩ ለዘለዓለም ክፍት ይሆናል፤ ከፊሉ ውሃ ራዲያተሩን ሳያይ ይመላለሳል። ዳገት ላይ የባሰብዎት ለዚህም ሊሆን ይችላል።

ለሰልጣኞች በዚሁ አጋጣሚ፦ ቴርሞስታትን በድስት ውስጥ ቀቅሎ መፈተሽ ጥሩ ነው፤ ነገር ግን 82 የተጻፈበት ቴርሞስታት መከፈት የሚጀምረው በ82 ሲሆን ሙሉ በሙሉ የሚከፈተው በ95 አካባቢ ነው። ድስታችሁ 92 ላይ ፈልቶ ያበቃል። ስለዚህ ግማሽ ተከፍቶ ብታዩት «ሞቷል» ብላችሁ አትጣሉት። መክፈት ከጀመረና ሲቀዘቅዝ ግጥም ብሎ ከዘጋ ይሠራል። ቴርሞሜትር አብሮ ይግባ፤ ሁለቱም የድስቱን ሥር አይንኩ።

ክዳኑና ቴርሞስታቱ ተስተካክለው አሁንም ካፈላ፣ በዚህ ቅደም ተከተል ይሂዱ። ሞተሩ ፍጹም ቀዝቅዞ እያለ ክዳኑን ከፍተው ያስነሱ፤ ገና ከመጀመሪያው ደቂቃ አረፋ ያለማቋረጥ የሚወጣ ከሆነ የቃጠሎ ጋዝ ወደ ውሃው እየገባ ነው፤ ያኔ ነው ስለ ቴስታታ የሚወራው። አረፋ ከሌለ የፋኑን መነሳት፣ የቺንጋውን መላላት፣ ከዚያም በራዲያተሩና በኤሲው ኮንደንሰር መካከል የተጠቀጠቀውን አቧራና ላባ ይዩ። ከውጭ ንጹሕ የሚመስል ራዲያተር በመካከሉ እንደ ጭቃ ግድግዳ ሆኖ ይገኛል። ከሞተሩ በኩል ወደ ፊት በቀስታ ውሃ ይታጠብ፤ በኃይለኛ ግፊት ከሆነ ክንፎቹ ይተኛሉ። የቧንቧ ውሃ ብቻ የሚሞላ መኪና ውስጡ ይዝጋል። ግማሽ በግማሽ ኩላንት ይጠቀሙ፤ የሚፈላበትንም ሙቀት ከፍ ያደርግልዎታል። ሞቆ እያለ ክዳኑን አይክፈቱ፣ በጋለ ሞተር ላይም ቀዝቃዛ ውሃ አይድፉ። ጤነኛ ቴስታታ የሚጣመመው እንዲያ ነው።

ቴስታታው በስተመጨረሻ ከወረደ ጋስኬት ብቻ ቀይረው እንዳይመልሱት ይጠይቁ። ቀጥ ያለ የብረት ማስመሪያ ተጋድሞበት በፊለር ጌጅ ይለካ፤ በብዙ የጃፓን ሞተሮች የሚፈቀደው መጣመም 0.05 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። ብሎኖቹም ከመካከል ወደ ዳር፣ በሦስት ዙር፣ በቶርክ መፍቻ ይጠበቃሉ። በእጅ ስሜት የተጠበቀ ቴስታታ ብዙም ሳይቆይ ይመለሳል።

ጥያቄ፦ ቁልፉን ስናዞር «ችክ» ብቻ ይላል። ባትሪ ቀየርን፣ ሞተሪኖ አስጠገንን፣ አሁንም ነው። (ሁለት ረዳቶች፣ ከተክለ ሃይማኖት)

መልስ፦ ዕቃ ከመቀየራችሁ በፊት በቴስተር አምስት ደቂቃ ብትሰጡት ኖሮ ሁለቱም ወጪ ይቀር ነበር። አንዴ ለምን እንደሚሠራ ከገባችሁ ደግሞ ከሙያው ሁሉ ቀላሉ ልኬት ይህ ነው።

ያደረ ባትሪ 12.6 ቮልት ካነበበ ሙሉ ነው፣ 12.4 ሦስት አራተኛ፣ 12.0 ባዶ ለመሆን የተቃረበ ነው። ሞተሩን ስታስነሱ ከ9.6 በታች መውረድ የለበትም። ከወረደ ባትሪውን ቻርጅ አድርጋችሁ ድገሙት። ካልወረደና ሞተሪኖው ግን ካልዞረ ኤሌክትሪኩ መንገድ ላይ እየቀረ ነው። ቀዩን ጫፍ በባትሪው ፖዘቲቭ ምሰሶ ላይ አድርጉ፤ ማሰሪያው ላይ ሳይሆን እርሳሱ ላይ ራሱ። ጥቁሩን በሞተሪኖው ወፍራም ብሎን ላይ። አንድ ሰው ያስነሳ። ከ0.5 ቮልት በላይ ካነበበ ገመዱ ወይም ማሰሪያው ነው። ቀጥሎ ከባትሪው ኔጌቲቭ ምሰሶ ወደ ሞተሩ ራቁት ብረት፤ እዚህ ከ0.2 ወይም 0.3 በላይ ከሆነ የኔጌቲቭ ገመዱ ሞተሩ ላይ የታሰረበት ቦታ ዝጓል ወይም ቀለም በመካከሉ ገብቷል። ቀለም የተቀባ መኪና ላይ ይህ በብዛት ያጋጥማል፤ ቀቢው ብሎኑን አይፈታም፣ ቀብቶበት ይሄዳል።

ድምፁንም አዳምጡ። ቶሎ ቶሎ «ችክ ችክ ችክ» ካለ ባትሪው ደክሟል። አንድ ጊዜ ብቻ «ችክ» ብሎ መብራቱ ሳይደበዝዝ ከቀረ የሞተሪኖው ሶሌኖይድ ውስጥ ያሉት የመዳብ መገናኛዎች ተበልተዋል፤ በብዙ የጃፓን ሞተሪኖዎች እነሱ ብቻ ተለይተው ይቀየራሉ። አንዴ «ችክ» ብሎ መብራቱ ጭልም ካለ ደግሞ ሞተሩ ራሱ ይዞ እንዳይሆን በክራንክ ፑሊው ብሎን በእጅ አዙራችሁ እዩ። ክረምት ላይ ጎርፍ ውስጥ ገብቶ የጠፋ መኪና ከመጣላችሁ ቁልፉን ጨርሳችሁ አትንኩ። መጀመሪያ ካንዴላዎቹ ይውጡ። ሲሊንደር ውስጥ የገባ ውሃ አይታመቅም፤ የሚታጠፈው ቢየላው (ፒስተኑን ከክራንኩ ጋር የሚያገናኘው ዘንግ) ነው።

ጥያቄ፦ ስድስት ኪሎ አካባቢ ስልጠና ላይ ነኝ። ጭስ አይቶ በሽታውን መናገር ይቻላል የሚሉኝ አሉ፤ እኔ ግን ሁሉም ጭስ አንድ ይመስለኛል። በተለይ አሮጌ የናፍጣ ሚኒባሶች ዳገት ላይ ለምን ያን ያህል ጥቁር ይተፋሉ?

መልስ፦ እህታችን፣ ቀለሙን ብቻ ሳይሆን የወጣበትን ሰዓት ተመልከቺ። ሰማያዊ ጭስ የዘይት ነው። ቁልቁለት በማርሽ ወርዶ፣ ታች ደርሶ ነዳጅ ሲረገጥ ብን ካለ የቫልቭ ጎሚኒ (ዘይት የሚያግደው ጎማ) ደርቋል፤ ሞተሩ ሳይወርድ ሊቀየር ይችላል። ነዳጅ በተረገጠ ቁጥር ያለማቋረጥ ከወጣና የዘይት መሙያውን ክዳን ስትከፍቺ ነፋሱ ከገፋሽ ፋሻ ነው። ጠዋት ሲነሳ የሚታየውና በጥቂት ደቂቃ የሚጠፋው ነጭ እንፋሎት ምንም አይደለም። ሞተሩ ከሞቀ በኋላ የሚቀጥልና ጣፋጭ ሽታ ያለው ነጭ ጭስ ግን ኩላንት ነው። በናፍጣ ሞተር ደግሞ ነጩ ያልተቃጠለ ናፍጣም ሊሆን ይችላል፤ ዓይን ያቃጥላል።

ወደ ጥቁሩ ስንመጣ፦ ቱርቦ የሌለው የናፍጣ ሞተር እዚህ ከተማ የሚስበው አየር ከባሕር ጠለሉ በሩብ ያህል ያነሰ ነው። ፖምፓው ግን በባሕር ጠለል ልክ ከተስተካከለ ያንኑ የናፍጣ መጠን ይረጫል። አየሩ የማያዳርሰው ናፍጣ ጥላሸት ሆኖ ይወጣል፤ ዳገት ላይ መርገጫው እስከ ወለሉ ስለሚረገጥ ያኔ ይታያል። ቱርቦ ያለው አየሩን አምቆ ስለሚያስገባ ይህ ጉዳት ይቀንስለታል። አንዳንድ ፖምፓ ላይ ከፍታን ለይቶ ናፍጣ የሚቀንስ ዕቃ አለ፤ ብዙ ጊዜ ተበላሽቶ ወይም ተነቅሎ ይገኛል።

ይህ ማለት ግን ጥቁር ጭስ ሁሉ የከፍታ ነው ማለት አይደለም። ቅደም ተከተልሽ ከርካሹ ይጀምር፦ የአየር ፊልትሮ፣ የተሰነጠቀ የአየር ቱቦ፣ ቀጥሎ ኢንጀክተሮቹ ወደ መፈተሻ ማሽን ሄደው እንደ ጉም ይረጫሉ ወይስ ያንጠባጥባሉ የሚለው፣ ከዚያ በኋላ ፖምፓው። ፖምፓው ላይ ያለችውን የናፍጣ መጠን መወሰኛ ብሎን በግምት እንዳታዞሪ። መቀነሷ ጭሱን ይቀንሳል፣ ጉልበትም ትንሽ ይቀንሳል፤ ልኩ የሚገኘው ግን በፖምፓ ቤት ማሽን ላይ ብቻ ነው። ሹፌሮች «ጉልበት አነሰኝ» ብለው እንድትከፍቺላቸው ይለምኑሻል። አትስሚያቸው። በሌለ አየር ላይ ናፍጣ መጨመር ጭሱንና የጭስ ማውጫውን ሙቀት እንጂ ጉልበቱን አይጨምርም።

ጥያቄ፦ ኮምፒውተር ላይ ሳነበው ፒ0171 ይላል። ኦክስጅን ሴንሰር ቀየርኩ፣ ተመልሶ መጣ።

መልስ፦ ኮዱ «ሴንሰሩ ተበላሽቷል» አላለም። ያለው «ነዳጅ ከአየሩ አንሶኛል» ነው፤ ሴንሰሩ መልእክተኛ ነው። በሚኒሞና በ2,500 ዙር ላይ የነዳጅ ማስተካከያውን መቶኛ (ኮምፒውተሩ የጨመረውን ነዳጅ) አንብብ። በሚኒሞ 20 ፐርሰንት ደርሶ በ2,500 ወደ 5 ከወረደ ከኢንቴክ ማኒፎልዱ ወይም ከቀጫጭን ቱቦዎቹ አየር ይገባል። ተቃራኒው፣ ዙር ሲጨምር የሚብስ ከሆነ፣ የነዳጅ ፓምፑ ደክሟል፣ ፊልትሮው ተዘግቷል ወይም የአየር መለኪያው ሴንሰር ቆሽሿል። እሱ ለራሱ በተሠራ ስፕሬይ ብቻ ይጸዳል፤ በጨርቅ ወይም በጣት አይነካም።

ጥያቄ፦ ሶማሌ ተራ ካንዴላ ልገዛ ስሄድ ሻጩ «ይሄም ይሆናል» ብሎ ሌላ ቁጥር ይሰጠኛል። ይሆናል?

መልስ፦ ጥርሱ ስለገባ ብቻ አይሆንም። ሦስት ነገር ይመሳሰል፦ የጥርሱ ርዝመት፣ የሙቀት ደረጃውና ክፍተቱ። ርዝመቱ ከበለጠ ፒስተኑ ይመታዋል፤ ካነሰ ባዶ የቀረው ጥርስ በካርቦን ይሞላና ቀጣዩን ካንዴላ አያስገባም። የሙቀት ደረጃው ከቁጥሩ መካከል ተጽፏል፤ በኤንጂኬና በዴንሶ ቁጥሩ ሲጨምር ካንዴላው ቀዝቃዛ ነው፣ በቦሽ ግን ተቃራኒው ነው። ስለዚህ ከአንዱ ስም ወደ ሌላው ሲኬድ ቁጥር በቁጥር ማመሳሰል ያሳስታል፤ የማመሳከሪያ ሠንጠረዥ ይታይ። ክፍተቱ እንደ ሞተሩ ከ0.8 እስከ 1.1 ሚሊ ሜትር ነው። ኢሪዲየሙን በማጠፍ ለማስተካከል አትሞክር፤ ቀጭኗ ጫፍ ትሰበራለች።

ስታስገባ በጣትህ እስከ መጨረሻው አዙር፤ በመፍቻ አትጀምር። ቶርክ መፍቻ ከሌለህ፣ አዲስ ቀለበት ያለው ካንዴላ በእጅ ከተቀመጠ በኋላ ከግማሽ እስከ ሁለት ሦስተኛ ዙር ይበቃዋል። አሮጌው ግን ቀለበቱ ስለተጨፈለቀ አንድ አሥራ ሁለተኛ ዙር ብቻ። የአሉሚኒየም ቴስታታ ጥርስ አንዴ ከተላጠ ካንዴላው ካዳነህ ብር ብዙ እጥፍ ያስወጣል።

ጥያቄ፦ በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ የቤት መኪና ማስገባት ስለተከለከለ የሞተር ሙያ መማር ከንቱ ነው እያሉኝ ነው።

መልስ፦ በከተማው መንገድ ላይ ያሉት የነዳጅ መኪኖች በክልከላው አልጠፉም፤ አዲስ ስለማይገባ ያሉት ይበልጥ ይጠገናሉ። ከላይ በቴስተር የተሠራው የቮልቴጅ ልኬት ግን በኤሌክትሪክ መኪናም ያው ነው። እነሱም 12 ቮልት ባትሪ አላቸው፤ እሱ ከሞተ ትልቁ ባትሪ ሙሉ ቢሆንም መኪናው አይነሳም። ማቀዝቀዣ ውሃና ፓምፕም አላቸው። ፍሬናቸው ደግሞ ሞተሩ ራሱ እያገዘ ስለሚያቆማቸው ሸራው ብዙም አያልቅም፤ ይልቁንም ካሊፐሩ ሳይንቀሳቀስ ከርሞ ይዝግና ይይዛል፤ በየሰርቪሱ ተፈቶ ፒኖቹ ይቀቡ። ከፍተኛ ቮልት የሚያልፍበትን ብርቱካናማ ሽፋን ያለውን ገመድ ግን ስልጠናውን ሳትወስድ፣ ለ1,000 ቮልት የተሠራ ጓንት ሳታጠልቅና የአገልግሎት ማቋረጫው (የትልቁን ባትሪ ኃይል የሚቆርጠው መሰኪያ) ሳይነቀል እንዳትነካ። ከተነቀለም በኋላ በመጽሐፉ የተጻፈውን ደቂቃ ጠብቅ፤ በኢንቨርተሩ ውስጥ ያሉት ካፓሲተሮች ወዲያው ባዶ አይሆኑም። ከዚያም ዜሮ መሆኑን በቴስተር ለክተህ ጀምር።